የገሱባ ዱቄትና የአስቴር ኤሌክትሮድ

ስለ ወላይታ ሶዶ ውበት ማንበብ የፈለገ ሰው ሌላ ጸሐፊ ቢፈልግ ይሻለዋል። ዳሞታ ተራራን ያየሁት በአውቶቡስ መስኮትና በላብራቶሪ በር በኩል ነው፤ ያውም በጨረፍታ። ዓይኔ ከደረስኩበት ሰዓት ጀምሮ ያረፈው በአንዲት ሴትና በእጇ በሠራችው ጥቁር ዘንግ ላይ ነበር።

ሴትዮዋ አስቴር ትባላለች። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪያችንን ስንማር አንድ ጠረጴዛ ላይ እንሠራ ነበር። እኔ እዚያው አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ፤ እሷ ወደ አገሯ ሶዶ ተመልሳ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የሁለታችንም ሥራ ኤሌክትሮድ ነው። ለማያውቀው ልንገረውና፣ ኤሌክትሮድ ማለት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ እዚያ የተደበቀውን ነገር በኤሌክትሪክ የሚያሳብቅ ዘንግ ነው። የእኔ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ እንደ መስታወት የለሰለሰ ካርቦን ነው። ከተጫረ ወይም ከወደቀ፣ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ይቆማል። አስቴር ግን ከሞተ የባትሪ ድንጋይና ከተጣለ ፕላስቲክ የራሷን መሥራት ጀመረች የሚል ወሬ ሰማን። ወሬው ሲደጋገም የክፍላችን ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ።

«ሄኖክ፣ ሶዶ ሂድና አይተህ፣ ተምረህ ና» አለኝ።

«አይተህ» የሚለውን እችለው ነበር። «ተምረህ» የሚለው ግን ከነከነኝ።

ማክሰኞ

ገና ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። መለኪያ መሣሪያዬንና ያንን የውጭ ኤሌክትሮድ በካርቶን አድርጌ አቅፌያለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ካርቶኑን አየና «ይሄ ጣራ ላይ ይወጣል» አለኝ።

«አይወጣም። የሚሰበር ዕቃ ነው።»

«እንግዲያው ለእሱም ትኬት ቁረጥለት» ብሎኝ ሄደ።

ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ጎልማሳ ሴት ነበሩ፤ አረካ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ቡታጅራን ስናልፍ እግሬን ሳሻሽ አዩና «አምጣው ወንድሜ፣ በተራ እንያዘው» አሉኝ። ከዚያ እስከ ሆሳዕና ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ሄዱ። እኛ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ቦርሳህ የሰው ጉልበት ከነካ ተገላምጠህ ነው የምትወርደው። ሆሳዕና ለምሳ ስንቆም ከቋጠሩት ቅቅል ድንች አካፈሉኝና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«አስቴር? የካሳቫዋ አስቴር?»

«ያውቋታል እንዴ?»

«እሷን ማን አያውቅም? እኛ ጋ መጥታ አስተምራለች። የካሳቫውን ሥር ፈጭተን ስንሰጣት ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ታደርግና ያቺን ጥቁር እንጨት ትከታለች። መርዝ ካለው ትናገራለች።»

«እንጨት አይደለም፤ ካርቦንና ፕላስቲክ ነው» አልኩ።

«እሱን አላውቅም። ግን ትናገራለች።»

ለዓመታት የደከምኩበትን ሥራ የጎረቤት ሰው ቀርቶ እናቴም በቅጡ አታውቀውም። ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት «ኬሚካል ነገር ነው» ብላ ታልፈዋለች።

ሴትዮዋ አረካ ሲወርዱ ጃኬቴም ከጭነታቸው ጋር ተጠቅልሎ ወርዷል። ያወቅኩት ሶዶ ደርሰን ዝናቡ ሲቀበለኝ ነው። በሸሚዝ ብቻ ቆሜ ስንቀጠቀጥ አንድ ረጅም ሰው ከባጃጅ ወርዶ መጣ። የአስቴር ባል ማርቆስ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ሰላምታውን ሳይጨርስ የራሱን ጃኬት አውልቆ አለበሰኝ።

«ሆቴል ይዣለሁ» አልኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቤት እያለ ሆቴል ብዬ ከአስቴር ጋር ልጣላ?»

ቤታቸው ጥሬ ሥጋ ቀረበ፤ ከጎኑ ዳጣ የሚሉት አረንጓዴ የቃሪያ ማባያ። እኔ እንደ አዋዜ መስሎኝ ደህና አድርጌ ጠቀስኩበት። ዕንባዬ ሲወርድ አስቴር ሳቋን ዋጥ አድርጋ ውሃ ሰጠችኝ። «ቀስ ብለህ ነው እንጂ። ይሄ የአዲስ አበባ አይደለም» አለች። እራት ሳንጨርስ ጎረቤት እየገባ ይወጣል፤ አንዱ የባጃጅ ቁልፍ ሊያስቀምጥ፣ አንዷ የልጇን ፈተና ውጤት ልታሳይ። በወላይትኛ ይጀምሩና እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊቴ ያለው በር የማን እንደሆነ አላውቅም። የባሏን ጃኬት እንደለበስኩ በቤቷም ቀናሁ።

ረቡዕ

ላብራቶሪዋን ሳየው መጀመሪያ ደስ አለኝ። መስኮቱ አይገጥምም፣ አንዱ የውሃ ቧንቧ በጨርቅ ታስሯል። የእኔ ላብራቶሪ ከዚህ ይሻላል፤ ኤሌክትሮዱ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ደስታዬ ግን ተማሪዎቿ እስኪገቡ ነበር። እያንዳንዳቸው በእስክሪብቶ ቀፎ የሠሩት የራሳቸው ኤሌክትሮድ አላቸው፤ እንደ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሰኩትም ነበሩ።

አሠራሩን ምንም ሳትደብቅ አሳየችኝ። የባትሪ ድንጋዩን ፈልቅቃ የመሐሉን ጥቁር ዘንግ ታወጣለች፤ አጥባ፣ ወቅጣ፣ በስስ ጨርቅ ትነፋዋለች። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ቲነር ውስጥ ስትከተው እያፏጨ ይሟሟና እንደ ሙጫ ይሆናል። ከካርቦኑ ዱቄት ጋር ታሸዋለች። ከወርቅ ሠሪ ያገኘችውን የንጹሕ ብር ብናኝ ትንሽ ትጨምርበታለች፤ የካሳቫው መርዝ፣ ሳያናይድ፣ ብርን ስለሚያሟሟ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያው ያነበዋል። ሊጡን ቀፎው ውስጥ ጠቅጥቃ፣ የመዳብ ሽቦ ከበስተኋላ ሰክታ ታደርቀዋለች። ፊቱ ሲቆሽሽ በምላጭ ቆረጥ አድርጋ ነጭ ወረቀት ላይ ታሽና አዲስ ይሆናል። የእኔን ለመወልወል ልዩ ዱቄት ከውጭ ይመጣል።

ሁላችንም ኤሌክትሮድ በምንፈትንበት ቢጫ ውሁድ የእኔንና የእሷን ጎን ለጎን ፈተንን። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት መስመሮች ወጡ። የእሷ ጉብታ፣ ማለት ዘንጉ ያገኘው ምልክት፣ ከእኔ አያንስም፤ እንዲያውም ሥሩ ያለው ረብሻ ከእኔ ያነሰ ነበር። ተማሪዎቹ ፊቴን ያያሉ።

«እንዴት አየኸው?» አለችኝ አስቴር።

«መጥፎ አይደለም» አልኩ።

ምሳ ሰዓት ሽሮ አቀረበችልኝ። እሷና ማርቆስ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ረቡዕን አይጾሙም። ተማሪ ሳለን እንደምጾም አስታውሳ ለእኔ ብቻ ያሠራችው ነው። በልቼ አመሰገንኩ፤ ውስጤ ግን ያን መስመር እያየ ነበር።

ሐሙስ

ከሶዶ ወጣ ብላ ወዳለችው ገሱባ ሄድን። የአስቴር አክስት እትዬ አማረች እዚያ ናቸው። ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናቸው ከየቀበሌው እንግዳ ይቀበላል፤ ለእንግዶቹ ምግብ የሴቶች ማኅበሩ የእንጨት ቦዬ፣ ማለት ካሳቫ፣ አስፈጭቷል። ጭንቁ ይኼ ነው፦ መራራው ዓይነት ካሳቫ በደንብ ካልተዘፈዘፈና ካልደረቀ መርዙ ይቀርበታል። ብዙ የበላ ያስመልሰዋል፣ ይዞረዋል፤ ሲከፋም ሰው እግሩን እስከ ማጣት ይደርሳል። ሊያደርቁት ሲያሰጡት ደግሞ ዝናቡ አላቆም ብሏቸው ነበር። አስቴር እንድትለካላቸው ጠርተዋታል።

የማርቆስ ጓደኛ በፒክአፕ ይዞን ወጣ። አዲስ አበባ ጉድጓድ አለ ብዬ የማማርረው ሰውዬ መንገድ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አንድ ቁልቁለት ላይ ጎማውን ጭቃ በላውና ወርደን ገፋን። መኪናው ድንገት ሲነሳ እኔ በማርቆስ ጃኬት በደረቴ ተዘረጋሁ። የመንገድ ሰዎች አነሱኝ፤ አንድ ሽማግሌ በኮባ ቅጠል ጠራረጉኝ። እትዬ አማረች ደጅ ስንደርስ ከሰላምታ በፊት ጃኬቱን ተቀብለው ለማጠብ ይዘውት ገቡ።

ሴቶቹ በጓሮው አጎዛና አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። አስቴር ከጆንያዎቹ ዱቄት ቆንጥራ በውሃ በጠበጠች፣ ትንሽ አቆየችና አጥልላ ኤሌክትሮዷን ነከረች። መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር አሳየ። ደግማ ስትነክር ያው ውሃ ከፍተኛ አለ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ እየዋዠቀ አልቆም አለ። ሌላ ዘንግ አወጣች፤ እሱም እንዲሁ። ፀሐዩ ከዝናቡ በኋላ አናት ይበሳ ነበር። ሴቶቹ እጇን ያያሉ።

እኔ ምክንያቱን አየሁት። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ዘንግ ሞክሬ ስንቱን አበላሽቼ ትቼዋለሁ። ፕላስቲኩ ማሟሟያው ሲተንለት ይኮማተራል፤ ሙቀት ሲያገኘው ከቀፎው ይላቀቃል። በክፍተቱ ውሃ ሽቅብ ይሳብና መዳቡ ሽቦ ጋ ይደርሳል። መዳብም ከሳያናይድ ጋር ጸብ አለው፤ መለኪያው የሚያነበው የሽቦውን ጣጣ ይሆናል። በቀፎው ውስጥ፣ ከጥቁሩ ዘንግ ጎን፣ ቀጭን የውሃ ክር ሲያብለጨልጭ በዓይኔ አየሁ።

አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። «ሄኖክ፣ ምን ይመስልሃል?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ። አስቴርም ትሳሳታለች፤ ሰው ፊት ትሳሳታለች።

እትዬ አማረች ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ከአዲስ አበባ የመጣህ፣ አንተም አታውቀውም? ዱቄቱ ደህና ናት ወይስ ታሟል?»

«መሣሪያው ዛሬ አልሠራም እትዬ።»

«ነገ እነግራችኋለሁ» አለች አስቴር። ድምጿ አነስ ብሎ ነበር።

ለእራት ካሳቫ ያልሆነው፣ መርዝ የሌለበት ዋናው ቦዬ ተቀቀለልን፤ የመኝታዬ አልጋ ላይ እትዬ አማረች የራሳቸውን ጋቢ ደርበውልኝ አገኘሁ። አስቴር ብዙ አልበላችም። እኔ በልቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ዓርብ

ስነቃ ጓሮው ጢስ ነው። ሴቶቹ ሦስት ትልልቅ ጎላ ጥደው ውሃው መፍላት ጀምሯል። ወደ እትዬ አማረች ሄድኩ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ገንፎ። እንግዳ ከሰዓት ይደርሳል።»

«ዱቄቱ እኮ አልታወቀም።»

«ማሽኑ አላውቅም አለች። እሷ ካላወቀች እኛ እንደ ድሮው እናደርጋለን። ደግሞ እንግዳ ጾሙን ይደር ነው የምትለው?» ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያለውን ነገር ነው የነገሩኝ።

ከቤቱ ጥግ ሕፃናት ዱቄት የነካካ እጃቸውን ይልሳሉ። አስቴር ከጓሮው ማዶ ግንድ ላይ ተቀምጣ ዘንጎቿን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ታሻለች። ፊቷ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ፊት ነው። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«አስቴር፣ በቀፎውና በዘንጉ መሐል ውሃ ይገባል። ሽቦው ጋ ይደርሳል።»

ዘንጉን ወደ ብርሃን አነሳችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ትናንት።»

ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዘንጉን ሰጠችኝና «እንዴት ይደፈናል?» አለች።

ይህን ደግሞ አላውቅም ነበር፤ እኔ ዘንጎቼን ጥዬ የውጭውን ነው የገዛሁት። ተቀምጠን አሰብን። የሚደፍነው ነገር ውሃ የማይወድ፣ ሲሞቅ የሚፈስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚይዝ መሆን አለበት አልኳት። እሷ ቀና ብላ «ሰም» አለች። እትዬ አማረች ንብ ያረባሉ። ሰም ከቤት አመጡልን፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ዘንጎቹን ፍም አጠገብ አደረቅናቸው፤ ሰሙን በጣሳ አቅልጠን ከበስተኋላ ስናንጠባጥበው በክፍተቱ ተስቦ ገባ። መጀመሪያ የሞከርነውን እኔ እሳት አብዝቼበት ቀፎው ተጣመመ። ሁለተኛውን እሷ ያዘችው። ሲቀዘቅዝ ጫፉን በምላጭ ቆረጠች፣ ወረቀት ላይ አሸች፣ ነከረች።

ቁጥሩ ወጣና ቆመ። ደግማ ነከረች፤ ያው ነው። ሌላ ዘንግ፤ ያው ነው። ዱቄቱ ከፍተኛ መርዝ ነበረበት።

ሴቶቹ ሲሰሙ አንዷ ጎላውን ከእሳት አወረደች። የብዙ ቀን ድካማቸው ነው፤ አንዷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አስቴር በወላይትኛ አነጋገረቻቸው፤ ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ነገረችኝ። ዱቄቱ አይጣልም። በውሃ ተለውሶ ሰሌን ላይ በስሱ ተዘርግቶ ፀሐይ ላይ ቢቆይ መርዙ ተንኖ ይወጣል። የቀረው ሥራ የጉልበት ነበር። ከየቤቱ ሰሌን መጣ፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ልለውስ ተቀመጥኩ። እትዬ አማረች አስተዋሉኝና «እንደ ጭቃ አይደለም የሚለወሰው፣ ልጄ» ብለው እጄን ይዘው አሳዩኝ።

ፀሐዩ ዓርብ ዕለት አላሳፈረንም። አስቴር በየመሐሉ ከየሰሌኑ እየቆነጠረች ትለካለች። ቁጥሩ ወረደ፣ ደግሞ ወረደ። ቀኑ ሲጋመስ «በቃ፣ ይሠራ» አለች።

ገንፎው ሲደርስ እትዬ አማረች አንድ ሳህን ለይተው መሐሉን በዘይት ሞሉልኝ፤ የሌላው በቅቤ ነው። ዓርብ እንደምጾም አስቴር ነግራቸው ኖሯል። ሳህኑን ፊቴ አስቀመጡና ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። በእንግድነቴ መቅመስ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። የሚያስተማምነኝ አንድ ነገር ቢኖር ያ በሰም የተደፈነ የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። ቆረስኩ፣ በዘይቱ ነክሬ ዋጥኩ። ከዚያ እነሱም በሉ። ከሰዓት እንግዶቹ ዘምረው ሲገቡ ምግቡ ተዘርግቶ ነበር።

ሴቶቹ አስቴርን ከበው መረቋት። «ችግሩን ያገኘው እሱ ነው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔንም መረቁኝ። ምርቃቱ ግን የተረፈ ምርቃት መሰለኝ፤ እንዲያ እየመሰለኝ አሜን አልኩ።

ቅዳሜ

ዓርብ ማምሻውን ሶዶ ተመልሰን ነበር። ጠዋት መናኸሪያ የሸኘችኝ አስቴር ናት። የታጠበውን ጃኬት ልመልስ ብል ማርቆስ እምቢ ስላለ እሱኑ ለብሻለሁ። አውቶቡሱ እስኪሞላ በረንዳው ላይ ቆምን።

«ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር እንዳየህ ገብቶኝ ነበር» አለችኝ። «ምን እንደሆነ ግን ሳስብ አደርኩ።»

«ቀንቼብሽ ነው።»

«አውቃለሁ። አብረን ስንማርም እንዲሁ ነበርክ።»

«እያወቅሽ ለምን ገሱባ ወሰድሽኝ?»

ረዳቱ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» እያለ ይጮኻል።

«እዚህ ያለው ሰው ይወደኛል፣ ሄኖክ። ማርቆስ፣ ተማሪዎቼ፣ አክስቴ። የሚወድህ ሰው ስህተትህን አያይም፤ ቢያይም ያልፍልሃል። የምለካው ደግሞ ሰው የሚበላውን ነው። እንድሳሳት የሚፈልግ ሰው አንድ ጊዜ አጠገቤ ቆሞ እንዲያይ ፈልጌ ነበር። እንዳንተ አጥብቆ የሚያየኝ ማን አለ?»

እጄን ጨበጠችኝ።

«ሌላ ጊዜ ግን እዚያው በዕለቱ ንገረኝ» አለች።

ገብቼ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ፣ ቅናቴን እኔ ስሸሽገው እሷ ለሥራ እንዳዋለችው ገባኝ። እኔ ላብራቶሪዬን ቆልፌ የምጠብቀው ከእንደዚህ ዓይነት ዓይን ነበር። አረካን እስክናልፍ ሳሰላስለው ቆየሁና፣ ይህንንም እኔ ቀድሜ ባስበው ኖሮ ብዬ ቀናሁ።